ቁልፉን ልመልስ ወይ?

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? በመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት ቀበሌ የምኖር የ26 ዓመት ሴት ነኝ። በሂሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ይዤ ሥራ እስካገኝ አክስቴ ቤት ተቀምጫለሁ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። አምና የሰፈራችን የውሃ ኮሚቴ ሲመረጥ ‹የተማረች ናት፣ እሷ ትያዘው› ተባለና ሰብሳቢ ሆንኩ። የቦኖው ቁልፍ በእኔ እጅ ነው። እያንዳንዱ ቤት በወር 20 ብር ያዋጣል፤ ሦስት ወር ያልከፈለ አይቀዳም ይላል ውስጠ ደንባችን።

«ባለፈው ክረምት ደብረ ብርሃን ለሦስት ቀን ሥልጠና ተላክሁ። ራስን ስለማወቅ፣ ስለ እሴት፣ ስለ መሪነትና መልካም ዜግነት ነበር። በጣም ወደድኩት። ከተሰጠን ዝርዝር አምስት እሴት ምረጡ ሲሉን ፍትሐዊነትን አንደኛ፣ ሐቀኝነትን ሁለተኛ አድርጌ ጻፍኩ። ወረቀቱን ከአልጋዬ ራስጌ ለጥፌዋለሁ።

«ከወር በፊት አንድ ጠዋት አክስቴ ጀሪካኗን ይዛ መጣች። የሦስት ወር አልከፈለችም። ወረፋው ረጅም ነበር። ቀና ብላ አየችኝ፤ ምንም አላለችም፤ ከፈትኩላት። ከአራት ሰው በኋላ አንዲት ተፈናቃይ ደረሰች። እሷም የሦስት ወር አለባት። ‹ደንብ ነው› ብዬ መለስኳት። አብራት የነበረችው ልጇ አክስቴን አየት፣ እኔን አየት አደረገችና ቢጫ ጀሪካኗን አንስታ እናቷን ተከተለች። ወደ ወንዙ ወረዱ። ከወረፋው ማንም ቃል አልተነፈሰም።

«ከዚያን ቀን ወዲህ ያንን ወረቀት ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። የትኛዋ ነኝ? ወረቀቱ ላይ ያለችው ወይስ ቦኖው ጋ የቆመችው? ቁልፉን ልመልስና ልገላገል? አክስቴንስ በምን አፌ ነው አይሆንም የምላት?

የቦኖዋ ሰብሳቢ፣ ከመንዝ»

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ቁልፉን አትመልሺ። ዕድሜ ልክሽን ያዢው ማለቴ አይደለም፤ በዚህ ምክንያትና በዚህ ሰዓት አትመልሺው ማለቴ ነው። ምክንያቱን ቆይቼ እነግርሻለሁ። ከዚያ በፊት ግን ከገዛ ደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ነገር ላሳይሽ።

አክስትሽ እዚህ ደብዳቤ ውስጥ ታሪክ አላት። እናትሽ ስትሞት እንዳሳደገችሽ፣ በዚያ ጠዋት እንዴት ቀና ብላ እንዳየችሽ ጽፈሻል። የትንሿ ልጅ ጀሪካን ቢጫ እንደነበር እንኳ አልረሳሽም። የመለስሻት ሴት ግን አንድ ቃል ብቻ ነው ያላት፤ «ተፈናቃይ»። ስሟ የለም። ከየት እንደመጣች፣ ስንት ልጅ እንዳላት፣ ሦስት ወር ሙሉ 20 ብር ለምን እንዳጣች የለም። ክፉ ነሽ ማለቴ አይደለም፤ ክፉ ሰው ወር ሙሉ ሲብሰለሰል ከርሞ እንዲህ ያለ ደብዳቤ አይጽፍም። ይህን ያነሳሁት «የትኛዋ ነኝ?» ላልሽው መልሱ እዚህ ስለሚጀምር ነው። በዚያ ጠዋት አንዷ ሰው ሆና መጣችብሽ፤ ሌላዋ ባለዕዳ ሆና መጣችብሽ። ለሰው ከፈትሽ፣ በባለዕዳ ላይ ዘጋሽ።

ራስን ማወቅ ሲባል ብዙ ጊዜ የምንሰማው ምን እወዳለሁ፣ ምን እችላለሁ፣ ምን ያናድደኛል የሚለውን ነው። እሱም ያስፈልጋል። የሕዝብ ቁልፍ ለያዘ ሰው ግን ከሁሉ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ለማን ነው የማጋድለው? በገበያ ቀን እህል የሚመዝን ነጋዴ ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን እንደሚያጋድል ካወቀ፣ በሌላው ወገን ጠጠር ጨምሮ ያስተካክለዋል። ያላወቀ ግን ልቡ ንጹሕ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ሲያጎድል ይውላል፤ ማታም በሰላም ይተኛል። የማያጋድል ሚዛን ያለው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። አንዱ ለዘመድ ያጋድላል፣ አንዱ ለባለጸጋ፣ አንዱ ለሚጮህበት። እኔ ለምታለቅስ ሰው አጋድላለሁ፤ እንባ ካየሁ የሌላውን ወገን ቃል እስከ መጨረሻው አልሰማም። ይህን ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። አንቺ በ26 ዓመትሽ በአንድ ጠዋት አውቀሽዋል።

ወረቀቱን አትቅደጂው። እንዲህ ያለ ዝርዝር ስታዪ ያ የመጀመሪያሽ አልነበረም። ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ሳለሽ የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር መጽሐፍሽ 11 ርዕሶች ነበሩት፤ ዴሞክራሲያዊ ሥርዓት፣ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ አገር ወዳድነት፣ ኃላፊነት፣ ታታሪነት፣ በራስ መተማመን፣ ቁጠባ፣ ንቁ የማኅበረሰብ ተሳትፎ፣ እውቀትን መሻት። ለፈተና በቃልሽ ይዘሻቸው ይሆናል። ቃላቱ ውሸት አልነበሩም፤ ሥልጠናው ላይ የጻፍሽውም ውሸት አልነበረም። ነገር ግን ፍትሐዊነትን አንደኛ ብለሽ ስትጽፊ ያስከፈለሽ ነገር አልነበረም። አዳራሹ ውስጥ አክስትሽ ጀሪካን ይዛ አልቆመችም። እሴት የራስ የሚሆነው የሆነ ነገር ባስቀረብን ቀን ነው፤ ያ ቀን እስኪመጣ ምኞት ነው። ምኞትም ቢሆን ግን አይናቅም፤ እሱ ባይኖር ኖሮ ያን ጠዋት ረስተሽው ነበር።

ስለዚህ ሁለቱም አንቺ ነሽ። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ለመለካት ግን ኅሊናሽን ብቻ አትጠይቂ። ኅሊና ያንን አንድ ጠዋት ያስታውስሻል፤ ያለፉትን ሌሎች ጠዋቶች አያስታውስም። መዝገቡን አውጪ። የተማርሽው ሂሳብ አይደል? ሂሳብ ማስታረቅ ታውቂያለሽ። ያለፉትን ስድስት ወራት ገልጠሽ ሳይከፍሉ የታገስሻቸውንና የከለከልሻቸውን ሁሉ ለብቻ ጻፊ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ዘመድ ከሆነ «ዘ»፣ ጎረቤት ከሆነ «ጎ»፣ ባዳ ከሆነ «ባ» በዪ። ከዚያ ቁጠሪ። ምናልባት ከፈራሽው ያነሰ፣ ምናልባትም የበዛ ታገኚ ይሆናል። ያም ሆነ ይህ ስለ ራስሽ የምታውቂው ነገር ከዚያ በኋላ ስሜት ብቻ አይሆንም፤ ቁጥር ይኖረዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አክስትሽ ምንም አላለችም ብለሻል። አልለመነችሽም፣ አልተቆጣችሽም፣ ያሳደግሁሽ ብላ አላስታወሰችሽም። ታዲያ ማን አስከፈተሽ? ይሉኝታ ነው።

ይሉኝታን አላጥላላብሽም። እኛን እዚህ ያደረሰን፣ ለቅሶ የሚያስኬደን፣ እንግዳ መጥቶብን ጦሙን እንዳናሳድረው የሚያደርገን እሱ ነው። ሌባ ሊሆን የነበረን ሰው ሁሉ ሕግ አይደለም የሚያቆመው፤ ብዙውን ያቆመው «ምን ይሉኛል» ነው። ግን ቃሉን ልብ ብለሽ ስሚው። ከ«ይሉኛል» የመጣ ነው። ይሉኝታ እንዲይዝሽ የሚል ሰው ያስፈልጋል፤ አፍ ያለው፣ የሚሰማው ሰው ያለው። አክስትሽ እንደዚያ ናት። ብትከለክያት ማታ በየቤቱ ቡና ላይ ይወራል፣ እሑድ ሰንበቴው ላይ ይነሳል፣ የአባትሽ ወገኖች ጆሮ ይደርሳል፤ «ያሳደገቻትን ከለከለች» ትባያለሽ። ያቺ ሴትስ? ብትከለክያት ማን ምን ይልሻል? ሰፈሩ ውስጥ እናት የላት፣ አጎት የላት፣ ሰንበቴ አልገባች። ሄዳ የምታወራለት ሰው የለም። ለእሷ ይሉኝታ አልያዘሽም፤ የሚልላት ሰው ስላልነበረ።

ይሉኝታ የሚያጋድለው ሁልጊዜ አፍ ወዳለው ነው። ብዙ ዓመት አይቻለሁ፤ በእድርም፣ በቀበሌም፣ በቤተ ዘመድ ጉባኤም እንደዚያው ነው። በአገራችን ብዙው በደል የሚፈጸመው በጨካኞች እጅ አይመስለኝም፤ የቅርብ ሰዋቸውን ማስቀየም ባልቻሉ ደጎች እጅ ነው። ኅሊና የምንለው ደግሞ ያ አፍ የሌለው ሰው ወደ ወንዙ ሲወርድ፣ ማንም ምንም ሳይል፣ ውስጥሽ የተናገረው ነገር ነው። ሁለቱ ድምፆች ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ፊት ያቀላሉ፣ ሁለቱም እንቅልፍ ይነሳሉ። ለመለየት እኔ የምጠቀምበት አንድ ጥያቄ አለ፤ «ማንም ባያየኝ ይህ ነገር ይቆጠቁጠኝ ነበር?» ለአክስትሽ ብትዘጊ ኖሮና ማንም ባያይ፣ ያን ያህል አይቆጠቁጥሽም ነበር፤ ቤት ስትገቡ ተነጋግራችሁ ትጨርሱት ነበር። የዚያችን ሴት ግን ሰው ሁሉ ዝም ብሎም ወር ሙሉ ቆጥቁጦሻል።

የራሴን ልንገርሽ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ እድር ዘጠኝ ዓመት ጸሐፊ ነበርኩ። ቀብር የቀረ ይቀጣል፤ ስም የምጠራውና ምልክት የማደርገው እኔ ነኝ። የባለቤቴ ወንድም ሲቀር «ሥራ ይዞት ነው» እያልኩ የተገኘ አስመስዬ ምልክት አደርግለት ነበር። ማንም አልጠየቀኝም። አንድ የቀን ሠራተኛ ደግሞ ነበር፤ ከገጠር የመጣ፣ ጭምት ሰው። ሁለት ጊዜ ቀረ፤ ሁለቴም ጻፍኩበት፤ ሁለቴም ከፈለ። በሦስተኛው መክፈል አቃተውና ከእድሩ ወጣ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ልጁ ሞተበት። የእድሩ ድንኳን በዚያን ቀን መጋዘን ውስጥ ተጠቅልሎ ነበር፤ አልተተከለለትም። ለቀስተኛው ውርጭ ላይ ተቀመጠ። እኔ ከሌሎቹ ጋር ሄጄ ተቀመጥኩ፤ መዝገቡም ትዝ አለኝ። እሱም ሥራ ይዞት ነበር የሚቀረው። ቀኑን ካልሠራ ማታ የሚበላ አልነበረውም። የባለቤቴ ወንድም ሥራ ምክንያት ሆነለት፤ የእሱ ሥራ ግን አልሆነለትም፤ ለምን እንደሚቀር ጠይቄው ስለማላውቅ።

ከአርባው በኋላ ቤቱ ሄጄ ነገርኩት። ሚስቱ ቡና አፈላችልኝ። ስለ ቅጣቱ አንድ ቃል አላነሳም። በሚቀጥለው ስብሰባ መዝገቡን ዘርግቼ የሆነውን አስረዳሁ፤ የከፈለው ቅጣት ተመለሰለት፣ እሱም ተመልሶ ገባ። ድንኳኑ ግን ለዚያ ቀን አልደረሰም፤ አይደርስምም። የአንቺ ገና ነው። ወንዝ ወርደው ቀድተው ተመልሰዋል፤ ልጅቷ ነገም ትመጣለች። ጊዜ አለሽ የምልሽ ለዚህ ነው።

በዚያው የጸሐፊነት ዘመኔ ኃላፊነቴን ልልቀቅ ብዬ ነበር። አንድ ሽማግሌ «አንቺ ስትለቂ ማን ይይዘዋል?» አሉኝ። ለአንቺም የምልሽ ይህንኑ ነው። ቁልፉን ብትመልሺ ቁልፉ መሬት ላይ አይቀርም፤ ሌላ ሰው ያነሳዋል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን አባባል አንቺም እየሰማሽ ነው ያደግሽው፤ ሹመትን እንደ ሠርግ ማዕድ የሚያይ ሰው በየሰፈሩ አለ። አሁን ቁልፉን የያዘችው ቢያንስ የሚቆጠቁጣት ሰው ናት። መገላገል ብለሽ የጻፍሽው ቃል አሳስቦኛል፤ የምትገላገዪው አንቺ ነሽ እንጂ ያቺ ሴት አይደለችም።

ግን ደግሞ ቆጥቋጭ ልብ ብቻውን ቦኖ አያስተዳድርም። በየጠዋቱ ለብቻሽ ከይሉኝታ ጋር እንድትታገይ አልመክርሽም፤ አንድ ቀን ይደክምሻል። ሥርዓት ያስፈልግሻል፤ ለዚህ ደግሞ ሩቅ መሄድ የለብሽም። ጓሳን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ያ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ደጋ፣ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ያለበት፣ እስከ ዛሬ የተረፈው በሰው ደግነት ብቻ አልነበረም። የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቄሮ ሥርዓት ብሎ ያቆመው ደንብ ነበረው። ተጠቃሚው ሕዝብ አለቃውን ራሱ ይመርጣል፤ ሣሩ ሲጎዳ ቦታው ሦስት ዓመትም አምስት ዓመትም ይዘጋል፤ ሲደርስ በስምምነት ይከፈትና ለቤት ክዳኑ፣ ለገመዱ፣ ለከብቱ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገባል። እስኪ አስቢው፤ በዚያ ብርድ ጣራው የሚያፈስ ዘመድ እያለው አለቃው «ተዘግቷል» ሲል እንዴት ቻለ? ቃሉ የእሱ ስላልነበረ ነው። ሁሉም በተሰበሰበበት ሁሉም ያለው ቃል ነበር። ዘመዱ ቢቀየም እንኳ የሚቀየመው በአገሩ ሁሉ ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን ልሸፍንብሽ አልፈልግም። ያ ሥርዓት ከርስት ጋር የተሳሰረ ነበር። ትውልዱ የሚቆጠር ሰው ይገባል፤ ከሌላ አገር የመጣ አይገባም። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የርስት መብት ቀረ፤ ቄሮውም አብሮ ፈረሰ፤ ቦታውም ተጎዳ። ኋላ ነው ሕዝቡ በአዲስ መልክ ኮሚቴ አቁሞ መልሶ መጠበቅ የጀመረው። እንግዲህ ከአባቶቻችን የምንወስደውን መምረጥ የእኛ ፈንታ ነው። እኔ ደንቡን እወስዳለሁ፤ ባዳን የሚያስቀረውን አጥር አልወስድም። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው የአገሪቱ ክፍል የመኖር መብት አለው ይላል። ያቺ ሴት ወደ ቀበሌያችሁ ስትመጣ ዜግነቷን የትም ጥላው አልመጣችም። ዘመድ ለሌለው ሰው ደግሞ ደንብ ዘመዱ ነው፤ ያን ጠዋት «ደንብ ነው» ስትያት ያ ዘመዷም ከዳት።

እንግዲህ ምን ታድርጊ? በመጀመሪያ አክስትሽን አነጋግሪ፤ ወረፋ ላይ አይደለም፣ ቤት ውስጥ፣ ማታ፣ ቡናው ሲፈላ። «ያን ጠዋት የከፈትኩልሽ አክብሬሽ መስሎኝ ነበር፤ ግን ሰው ሁሉ እያየ በአንቺ ምክንያት ሌላ ሰው ተበደለ፤ ስምሽንም በክፉ አስነሳሁ» በያት። ሌላ ምክንያት አትደርድሪ። ስትፈሪያት የኖርሽው ነገር እሷ ዘንድ ላይኖርም ይችላል፤ ይሉኝታ ብዙ ጊዜ ሰው ያላሰበውን ነው የሚያስብለት። ምናልባት አክስትሽም ያን ጠዋት እየተሳቀቀች ነው የቀዳችው። ከተቆጣችም ትቆጣ፤ ያሳደገ ሰው ቁጣ ያልፋል።

ያለባትን 60 ብር አንቺ ክፈዪላት። ይህን በጥብቅ እመክርሻለሁ። በስሟ ደረሰኝ ቁረጪ፣ ብሩን ከራስሽ አውጪ፤ ባይኖርሽ ቀስ ብለሽ ክፈዪ። ውለታዋ በአንቺ ላይ ነው እንጂ በሰፈሩ ላይ አይደለም። ያሳደገችሽን እናት በሕዝብ ውሃ ልትከፍያት አትችይም፤ በራስሽ ላብ ግን የፈለግሽውን ያህል መክፈል ትችያለሽ፤ ማንም አይነቅፍሽም። እሴት አንድ ነገር ሲያስቀርብን ነው የራሳችን የሚሆን ያልኩሽም ይኸው ነው፤ በ60 ብር ይጀመራል። 60 ብር ትንሽ መስሎ ከታየሽ ደግሞ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ያሉትን አስቢ። ያቺ ልጅ የከነከናት የውሃው ማነስ አይደለም።

ከዚያ ጠቅላላ ጉባኤውን ጥሪ። ለአንዲት ዘመድሽ ከፍተሽ ለሌላ ሰው እንደዘጋሽ ራስሽ ተናገሪ። የአክስትሽን ስም መጥራት የለብሽም፤ ከጠራሽም አስቀድመሽ አስፈቅጂያት። የሴትየዋንም ስም አትጥሪ፤ ድህነቷ የስብሰባ አጀንዳ መሆን የለበትም። ደንቡ ራሱ ግን አጀንዳ ይሁን። እኔ እንደሚመስለኝ ደንባችሁ ስህተት አለው፤ ውሃ የሚከለክል ቅጣት ከሚገባው በላይ ነው። ምግብ ያለ ውሃ አይበስል፣ ሕፃን ያለ ውሃ አይታጠብ። መክፈል ያልቻለ ቤት ለኮሚቴው አስታውቆ በጉልበት ይክፈል፤ የቦኖውን አጥር ያድስ፣ የፈሰሰበትን ቦይ ይጥረግ፣ ወረፋ ያስከብር። ጨርሶ የማይችል፣ አዛውንት ወይም በሽተኛ ካለ፣ በቃለ ጉባኤ ነፃ ይደረግ። እንዲህ ሲሆን ምሕረቱ የአንቺ ችሮታ መሆኑ ይቀራል።

ሁለተኛው የማስጠነቅቅሽ ስለ ዘመድ ነው። የሰብሳቢዋ ወይም የማንኛውም የኮሚቴ አባል ዘመድ ጉዳይ ሲመጣ ያ አባል ወጥቶ ሌሎቹ እንዲወስኑ አስወስኚ። ያን ጊዜ አክስትሽ ስትመጣ «እኔ በአንቺ ጉዳይ አልወስንም፣ ሌሎቹን የኮሚቴ አባላት ጠይቂ» ትያታለሽ፤ አንቺም ትድኛለሽ፣ እሷም አትሳቀቅም። ቁልፉና ገንዘቡ በአንድ ሰው እጅ አይሁኑ፤ ይህን በሂሳብ አያያዝ ስለተማርሽው አላብራራልሽም። መዝገቡ ደግሞ በየወሩ መጨረሻ ሁሉም በሚሰበሰብበት ይነበብ፤ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ በምን ምክንያት ለስንት ቤት ታገስን። የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን የሚለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ለሚኒስትሮች ብቻ የተጻፈ አድርገን እናነበዋለን። መዝገብ ሲነበብ ሰምታ ያደገች ልጅ ግን ነገ ከማንም ሹም ፊት ቆማ «ይነበብልን» ማለት አትፈራም። ቢጫ ጀሪካን የያዘችው ልጅ ስለ አገሯ ያን ጠዋት አንድ ትምህርት ወስዳለች። ሌላም እንድትማር አድርጊ።

ጉባኤው «አጥፍተሻል፣ ቁልፉን መልሺ» ካለሽ ሳታቅማሚ መልሺ። ያን ጊዜ ግን ሸሸች አትባዪም፤ ጥፋትሽን ተናግረሽ፣ ደንቡን አስተካክለሽ፣ ሂሳቡን አስረክበሽ ነው የምትወርጂው። ቆዪ ካሉሽም ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አስጽፊ፤ ሁለት ዓመት በቂ ነው። የሚተካሽን ሰው ከአሁኑ መዝገብ አያያዝ አስተምሪ።

ከሁሉ በፊት ግን፣ ከጉባኤውም ከአክስትሽም በፊት፣ ያቺን ሴት አግኚያት። ጠዋት ወረፋው ላይ አትጥሪያት፤ ሰው ይሰበሰብባታል። ብር ይዘሽም አትሂጂ፤ ይቅርታ ለመግዛት የመጣሽ ይመስላታል። ለአክስትሽ ተከፍቶ እንደነበረ ሁሉ ጉባኤው እስኪወስን ለእሷም እንደሚከፈት ንገሪያት፤ ለኮሚቴው አባላትም አስታውቂያቸው። ልጅቷ ቤት ካለች እሷም ትስማ። ማታ፣ ከብት ሲገባ፣ ብርዱ ሳይጠና ሂጂ፤ በሩ ላይ ስትደርሺ «ቤቶች» ብለሽ ጥሪና ስትወጣ መጀመሪያ ስሟን ጠይቂያት።